መሰላሉ በማን ደጅ ይቁም?

አንዲት ሴት ነበረች። ቤቷ ትራንስፎርመር ሥር ነበር።

ሥር ስላችሁ ለማጋነን አይደለም። ሳጥኑን የተሸከሙት ሁለት ምሰሶዎች የተተከሉት ከአጥሯ ጥግ ነው። ጠዋት ደጇን ስትጠርግ ያ ግራጫ ሳጥን ከራሷ በላይ «እምምም» ይላል። እንግዳ ሰው «አያስፈራሽም ወይ?» ብሎ ሲጠይቃት፣ «ምን ያስፈራኛል? ሌላው ጎረቤት ያማኛል፤ እሱ ግን ያንጎራጉርልኛል» ትል ነበር።

ይህች ሴት...

ኤዲያ! እስከ መቼ «አንዲት ሴት» እላለሁ? ሰባኪ ምሳሌ ሲጀምር ስም አይጠራም፤ ደንቡን አውቀዋለሁ። ግን ማንን ለመሸወድ ነው? ከዚህ ጸሎት ቤት በር ላይ ቆሞ ድንጋይ ቢወረወር ግቢዋ ይደርሳል። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ሁላችሁም ቤቷ በልታችኋል። ዳመነች ናት፤ ታላቅ እህቴ። የቀበርናት በመስቀል ሰሞን ነው፤ የመቃብሯ አፈር ገና አልጠጠረም።

ስለዚህ የዛሬው ምሳሌዬ ስም አለው። ታገሡኝ። ብትቆጡም ታገሡኝ፤ እኔም ተቆጥቻለሁ።

የምናገረውም ለሞተችው አይደለም። ለሞተችው እንግዲህ ምን ይደረጋል? የምናገረው እዚያ በስተኋላ፣ በሩ አጠገብ ለተቀመጠችው ነው፤ ለልጇ ለታሪኳ። አትዙሩ! አትዩአት! ስታዩአት ነው የሚብስባት። እኔን ስሙኝ።

መጀመሪያ ስለ ሳጥኑ ልንገራችሁ። እኔ የመብራት ነገር ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርሁም። ነገር ግን አንድ ጊዜ የገበያው ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ሲወርድ፣ ሠራተኞቹ ክዳኑን ሲከፍቱት ቆሜ አየሁ። ጠየቅሁ። ሲሰለቹኝም ጠየቅሁ። ከዚያ በኋላም ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ።

በትልቁ መስመር ወደ ሰፈራችን የሚመጣው ኃይል ዐሥራ አምስት ሺህ ቮልት ነው። ቤታችሁ የሚፈልገው ሁለት መቶ ሃያ። ዐሥራ አምስት ሺሁ እንዳለ ቢገባባችሁ አምፖል ብቻ አይደለም የሚፈነዳው። ያለ እሱ ደግሞ ጨለማ ነው። እንግዲህ ምን ይሻላል? አንድ ነገር መሐል መቆም አለበት። ያንን ጉልበት ተቀብሎ፣ ዝቅ አድርጎ፣ ቤት በሚችለው ልክ የሚያቀብል።

ሳጥኑ ውስጥ ምን አለ? ስስ የብረት ቅጠሎች እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርበው የቆሙበት አንኳር አለ። በዚያ ብረት ላይ ሁለት ጥቅል ሽቦ ተጠምጥሟል። አንደኛው ቀጭን ነው፤ ብዙ ዙር አለው፤ ከፍተኛውን ኃይል የሚቀበለው እሱ ነው። ሁለተኛው ወፍራም ነው፤ ዙሩ ጥቂት ነው፤ ለእናንተ የሚሰጠው እሱ ነው።

አሁን ልብ በሉ! ሁለቱ ጥቅሎች አይነካኩም። በመካከላቸው ወረቀት አለ፤ ዘይት አለ። በመጀመሪያው ሽቦ ያለው ኃይል ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ብረቱን ማግኔት ያደርገዋል። የብረቱ ማግኔት ደግሞ በሁለተኛው ሽቦ ውስጥ ሌላ ኃይል ይቀሰቅሳል። ዙሩ ጥቂት ስለሆነ ቮልቱም ትንሽ ነው። ዐሥራ አምስት ሺሁ እናንተን አልነካችሁም። ብርሃኑ ግን ደርሷችኋል።

«እምምም» የሚለውስ? እሱ ብረቱ ነው። ማግኔቱ በተመላለሰ ቁጥር ብረቱ በጥቂቱ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል። ዝም ብሎ የቆመ የሚመስላችሁ ነገር ያለ ዕረፍት እየሠራ ነው ማለት ነው።

እህቴስ ምን ትሠራ ነበር? የምትኖረው በልብስ ስፌት ነው። ሥራዋ ግን ሌላ ነበር።

አቶ ላፌቦን ታውቁታላችሁ፤ የእንጨት ሥራ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ እሱም ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ከታናሽ ወንድሙ ከዋቃሮ ጋር በአጥር የተነሣ ተጣሉ። አንድ ቀን ላፌቦ እየጮኸ የእህቴ ግቢ ገባ።

«ዳመነች! ንገሪው! ደጄን ቢረግጥ እግሩን ነው የምሰብረው! ንገሪው ብያለሁ!»

«እነግረዋለሁ። ቁጭ በል።»

«እንዳለ ነው የምትነግሪው!»

«እሺ አልሁህ እኮ፤ ምነው? እንካ፣ ውኃ ጠጣ።»

በማግሥቱ ዋቃሮ ዘንድ ሄደች። ዋቃሮም ቆሞ ጠበቃት። «ምን አለ ያ ሰውዬ?» አላት።

«ስለ እግርህ ሲያነሣ ነበር» አለችው።

«ስለ እግሬ?»

«አዎ፣ ስለ እግርህ። ለመሆኑ ያ ቁርጥማትህ እንዴት ሆነልህ?»

ሳቁ፤ ያስቃል። ዋቃሮ ግን አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ እግሩን አየ። ወንድሙ ሕመሙን ያስታወሰለት መሰለው። «ዋሸች» የሚለኝ አይጠፋም። ምን ዋሸች? ላፌቦ ስለ እግሩ አላነሣም? አንሥቷል!

ዐሥራ አምስት ሺህ ገባ፤ ሁለት መቶ ሃያ ወጣ። የባል ቁጣ፣ የአማት ምላስ፣ የውርስ ጠብ፣ ሁሉም በእሷ በኩል አለፈ። ቀጥታ የተነካካ ሰው አልነበረም። ቤታችሁ ያልፈረሰው ለዚህ ነው።

ነገር ግን፣ ወገኖቼ፣ ማንም ያልጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ። ሙቀቱስ የት ይሄዳል?

ትራንስፎርመር ሲሠራ ይሞቃል። የተቀበለውን ሁሉ አያስተላልፍም፤ ጥቂቱ ሙቀት ሆኖ እዚያው ይቀርበታል። ዘይቱ የተሞላው ለዚህም ጭምር ነው። ዘይቱ ሲሞቅ ወደ ላይ ይወጣል፤ በጎኑ ባሉት ክንፎች በኩል ሲወርድ ነፋስ ያገኘዋል፤ ቀዝቅዞ ይመለሳል። መተንፈሻም አለው፤ በውስጧ እርጥበት የሚመጥ ፍሬ ያለባት ትንሽ ዕቃ፣ ዘይቱ ሲሰፋና ሲጠብ አየር የሚገባባትና የሚወጣባት። ብረት ነው! ብረት ሆኖ መተንፈሻ ተሠርቶለታል!

የእህቴ መተንፈሻ ማክሰኞ ከሰዓት ነበር። ከአሮጊቶቹ ጋር እዚህ መጥታ መዝሙር ትለማመዳለች። ድምፅዋ አያምርም፤ እሷም ታውቃለች። «እኔ የምዘምረው እግዜር እንዲስቅ ነው» ትል ነበር። ይህችኑ ማክሰኞ እንኳ አልተዋችኋትም። አንዱ በር ላይ ይጠብቃታል፤ ሌላው ከመዝሙሩ መሐል ያስጠራታል። «ለደቂቃ ብቻ እትዬ ዳመነች!» ለደቂቃ! ቆይቶ ማክሰኞ የሚባል ቀን ጠፋ።

አሁን ወደ መስቀል ሰሞን እንምጣ።

በእኛ አገር መስቀል ሲደርስ ዘመድ ከያለበት ይገባል፤ ምድጃና ምጣድ አያርፉም። ደግሞም ተኳርፎ በዓል አይገባም፤ የተጣላ ሁሉ ከበዓሉ በፊት መታረቅ አለበት። መልካም ባህል ነው፤ ማን ጠላው? ነገር ግን ኩርፊያን ዓመት ሙሉ አሳድሮ፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት፣ ሁሉም ወደ አንዲት ሴት ሳሎን! ይህን ማን አስተማራችሁ?

በትራንስፎርመሩም ያደረጋችሁት ያንኑ ነው። ሰፈሩ ሁሉ የሚጋግረው ቅዳሜ ነው። ለምን ቅዳሜ? እናቶቻችን ቅዳሜ ይጋግሩ ስለነበር። እናቶቻችን እኮ በእንጨት ነበር የሚጋግሩት!

ከበዓሉ በፊት ባለው ቅዳሜ ጠዋት አንዱ ፌዝ ጠፋ። ከሳጥኑ ወደ ሰፈሩ ሦስት መስመሮች ይወጣሉ፤ ፌዝ የምንላቸው እነሱ ናቸው። ሸክሙ እኩል እንዲሆን ቤቶቻችን ለሦስቱ ተከፋፍለዋል። አንዱ ሲጠፋ የሰፈሩ ሢሶ ምጣዱ ቀዘቀዘበት።

እኛስ ምን አደረግን? ሁልጊዜ የምናደርገውን ነዋ። ሄራኖን ጠራን።

ሄራኖ የሰፈሩ ሽቦ ቀጣይ ነው። መሰላሉን ተሸክሞ ከቤት ቤት ዞረ። «ፌዝ ቀይርልኝ!» «ለእኔም!» «እኔ ነኝ ቀድሜ የጠራሁህ!» ከጠፋው መስመር ፈታ፣ ከሚበሩት ወደ አንዱ አሰረ። ምጣዱ ጋለ። «ተባረክ፣ ሄራኖ!» ተባለ። «ቆይ፣ ያ መስመር የራሱ ሰዎች የሉትም ወይ?» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። አንድም!

እኩለ ቀን ላይ ያም መስመር ፊውዙ ተበጠሰ።

ፊውዝ ምንድን ነው? ቀጭን ሽቦ ነው። ከአቅም በላይ ሲመጣበት ቀልጦ ይበጠሳል። ቀጭን የሆነው ሽቦ ጠፍቶ አይደለም፤ ሆን ተብሎ ነው። ሳጥኑ «በቃኝ» የሚልበት አፉ ነው፤ ሌላ አፍ የለውም።

ሄራኖ ወጣ፣ አየ፣ ወረደ። «ይሄ ፊውዝ አስቸገረ» አለና ከቦርሳው ወፍራም የመዳብ ሽቦ መዘዘ። እህቴ በሯ ላይ ቆማ ታየዋለች።

«ሄራኖ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ሽቦ ነው እትዬ። በፊውዙ ቦታ ይሄን ካሰርሁለት እስከ ዓመት አይበጠስም።»

«አይበጠስም?»

«በፍጹም!»

«ታዲያ የሚበጠሰው ምንድን ነው?»

ሄራኖ ቀና ብሎ ሳጥኑን አየ። «እሱማ ትልቅ ነው» አለ፤ «ይችላል።»

ይችላል! ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ሳጥኑ በዚያ ሰዓት እንደ ወትሮው አያንጎራጉርም ነበር፤ ያጉረመርም ነበር። በክዳኑ ጠርዝ ዘይት ያልበዋል። እህቴ ቀና ብላ አየችውና፣ ስለ ልጅ እንደሚባለው፣ «ይሄ እኮ አተኩሶታል» አለች።

ሄራኖ ሽቦውን ለመቁረጥ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል መሰላሉ የለም።

እሷ ወስዳዋለች። ያን ሁሉ ዕድሜ ይዛ፣ መሰላሉን በትከሻዋ ተሸክማ ግቢዋ አስገብታ በሩን ቀርቅራለች።

«እትዬ! መሰላሌን!»

«ደክሞታል፤ ይረፍበት።»

«ሰው እየጠበቀኝ ነው እኮ!»

«ይጠብቅ። ከወጣህ ትሞታለህ፤ ካልወጣህ ሊጣቸው ይኮመጥጣል። የቱ ይሻላል?»

«ኧረ እትዬ፣ ስሜ ይጠፋል!»

«ስምህን መቃብርህ ላይ ከማነበው ቢጠፋ ይሻለኛል።»

ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ በሰፈሩ ዞረች። ቅያስ በቅያስ። ወይዘሮ ድንቅነሽ ቤት ስትደርስ ምጣዱ ግሏል።

«ድንቅነሽ፣ ምጣዱን ንቀዪ።»

«ምን አልሽ? እንግዶቼ ነገ ከአዲስ አበባ ይገባሉ እኮ!»

«ሰኞ ትጋግሪያለሽ።»

«እኔ በዕድሜዬ ሰኞ ጋግሬ አላውቅም!»

«ቅዳሜን አንቺ አልፈጠርሽውም። ሰኞም ሊጥ ይበስላል። ለነገው ከእኔ መሶብ ውሰጂ።»

አያችሁ? ሳጥኑን ስታሳርፍ እንኳ ሸክሙን ወደ ራሷ አዞረችው። እኔ ይህን ሳስብ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሳጥኑ ሲበርድ ሄራኖ ልኩን ቀጭን ፊውዝ እንዲያስር መሰላሉን ሰጠችው፤ ደንቡንም አወጣች። «መሰላሉ የቆመበት ቅያስ ይጋግራል፤ ሌላው ይጠብቃል» አለች። ጠዋት መሰላሉ በአንዱ ቅያስ መግቢያ ይቆማል፤ በማግሥቱ የዚያ ቅያስ ሰዎች ተሸክመው ለሚቀጥለው ያስረክባሉ። ሄራኖ ሥራ ሲያገኝ በየቅያሱ እየዞረ፣ «እባካችሁ መሰላሌ ዛሬ ማን ጋ ነው? ተውሼ ልመልስላችሁ» ይል ነበር። ሰው ሳቀ፣ አጉረመረመ፣ ተሳደበ፤ ግን ተራውን ጠበቀ። የሚያጉረመርም ጎረቤት ተራ ሲጠብቅ አይቼ አላውቅም ነበር።

የመብራት ሠራተኞች መጥተው መጀመሪያ የጠፋውን መስመር ሲጠግኑ፣ ቤቶቹንም ወደየፌዛቸው ሲመልሱ፣ አንደኛው ሳጥኑን ዞሮ አየና፣ «በዚያ ሽቦ ታስሮ ቢሆን ኖሮ ይሄ ዛሬ የለም» አለን። «ወረቀቱ ውስጥ ለውስጥ ነው የሚያርረው። ዘይት ውስጥ ስለሆነ ከውጭ አይታይም። ሳጥኑ ቀለሙ እንኳ አይለወጥም። እንደቆመ ነው የሚሞተው።»

እንደቆመ ነው የሚሞተው።

ሳጥኑ ግን አልሞተም። ተርፏል። ተራ ወጣለታ! የሚጮህለት ሰው አገኘ፤ መሰላል የሚሰርቅለት ሰው አገኘ።

ለእሷስ? ለእሷ ማን ዞረላት? በየቅያሱ ሄዶ «ዛሬ ዳመነች ዘንድ አትሂዱ፣ የእናንተ ተራ ሰኞ ነው» ያለ ማን ነው?

በዚያው ሳምንት ደረቷን ይጫናት ጀመር። አልደበቀችም፤ ሰው በተሞላ ሳሎን ነው የተናገረችው። «ይሄ ደረቴ ዛሬስ አልተመቸኝም» አለች። ይህ ፊውዝ ነበር፤ አፏ ነበር። ምን ተባለች? «አንቺማ ትችያለሽ!» ተባለች። «ያንቺ ጉልበት ለእኔ በሆነ!» ተባለች። በሳቅ፣ በፍቅር፣ በወፍራም ሽቦ አሰራችኋት።

ታሪኳ አንድ ጠዋት አስገድዳ አለበሰቻት። ወደ ጤና ጣቢያ ልትወስዳት ባጃጅ ጠርታ በር ላይ አስቁማለች። እህቴ ጫማዋን እያደረገች ሳለ ሁለት ሰዎች ገቡ። ታሪኳ «እማዬ ልትታከም ነው» አለች። «አናቆያትም፤ ይህችን ነገር ብቻ» አሉ። እህቴም ቁጭ አለች። ባጃጁ ጥሩምባውን ነፋ። ደግሞ ነፋ። ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ሄደ።

በበዓሉ ማግሥት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ላፌቦና ዋቃሮ በመጨረሻ አብረው መጡ። ሶፋዋ ላይ ግራና ቀኝ ተቀመጡ፤ እሷ በመካከላቸው። ስለ አጥሩ ማውራት ጀመሩ። አንዱ ያወራል፣ ሌላው ያቋርጣል። እሷ ራሷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ዐይኗን ጨፈነች። እነሱ ቀጠሉ። «ድንበሩ ከግራሩ ነው» አለ አንዱ። «ከጉድጓዱ ነው» አለ ሌላው። «እስቲ አንቺ ፍረጂ» አሏት። መልስ ሳትሰጥ ስትቀር እያሰበችበት መሰላቸው። ቀጠሉ።

ታሪኳ ውኃ ይዛ ስትገባ ነው የታወቀው።

ላፌቦ፣ ወንድሜ፣ ቀና በል። አንተን ለይቼ ልወቅስህ አይደለም የቆምሁት። አንተ የመጨረሻው ስለሆንህ ነው እንጂ የብቻህ አይደለም። ፊውዙን ያቀለጠው የትኛው ምጣድ ነው ተብሎ ይጠየቃል እንዴ? ሁሉም ነው።

ያ ሠራተኛ እንደቆመ ይሞታል ብሎን አልነበር? እሷም እንደተቀመጠች፣ እንዳዳመጠች።

ቀብሯ ላይ ምን አላችሁ? «ዋርካ ነበረች» አላችሁ። «ሁላችን የተጠለልንባት ዋርካ!» ያማረ ንግግር ነው፤ አለቀስሁበት። ቤቴ ስገባ ግን ተናደድሁበት። ዋርካን ማን ይጠለልለታል? ፀሐዩ እሱ ላይ አይደለም የሚያርፈው?

አሁን ደግሞ ትዕግሥቴን የጨረሰውን ልንገራችሁ። እዚህ ያደረሰኝ እሱ ነው።

ድንኳኑ ሳይነሣ፣ ፍራሹ ሳይሰበሰብ፣ አንዲት ሴት ታሪኳ አጠገብ ተቀመጠች። እጇን ይዛ አለቀሰች። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ «ልጄ፣ እናትሽ የእኔንና የባለቤቴን ነገር ይዛልኝ ነበር፤ እንግዲህ አንቺ ነሽ» አለቻት። ከጎናቸው ነበርሁና በጆሮዬ ሰማኋት። በማግሥቱ ሌላ ሰው መጣ። ከዚያ ሌላ። ልጅቱ አሁን ከልብስ ስፌቱ ቀና ስትል በሩ ላይ ሰው አለ። «አይ፣ ትችላለች» ትላላችሁ፤ «የእናቷ ልጅ ናት።»

ፌዝ ቀየራችሁ! አያችሁ ያደረጋችሁትን? አንዱ መስመር ሲጠፋ «ምን ሆኖ ጠፋ?» ብላችሁ አልጠየቃችሁም። ፈታችሁና ወደሚበራው አሰራችሁ። የሚበራውም እስኪጠፋ ድረስ!

በእግዚአብሔር ቤት ሆነን እንነጋገር። ሸክም ተሸካከሙ ነው የተባልነው። ሁላችሁም አንዷ ላይ ጫኑ አልተባልንም። እስቲ በየቤታችሁ አስቡ። በዘመዶቻችሁ መካከል ስልኳ የማያርፍ ሴት የለችም? የታመመ ሁሉ፣ የተጣላ ሁሉ፣ ሥራ የጠፋበት ሁሉ የሚላክባት? እንዴት ነሽ ብላችሁ የጠየቃችኋት መቼ ነው? ጠይቃችሁስ መልሱን ቁጭ ብላችሁ ሰማችሁ? ወይስ ሰላምታውን ጨርሳችሁ ወደ ጉዳያችሁ ገባችሁ? «ደከመኝ» ስትላችሁስ ምን አላችኋት?

«ትችያለሽ» አትበሉ። ይህ ቃል ከአፋችሁ ይውጣ። ምርቃት ይመስላችኋል፤ ወፍራም ሽቦ ነው። ሰው «በቃኝ» ሲል አምናችሁ ስሙት። ከሶኬት ንቀሉ። ምጣዳችሁ አንድ ቀን ይቀዝቅዝ፤ አትሞቱም።

ደግሞ ለዚህ ትልቅ ሰው እንድትሆኑ አልጠየቅኋችሁም። ዳመነችን ሁኑ አላልኋችሁም፤ ማናችንም አንሆንም። ቅያስ ሁኑ ነው የምላችሁ። ተራ ያዙ። ጠበኛ ጎረቤታችሁን ለአንድ ከሰዓት በኋላ ውኃ ሰጥታችሁ አዳምጡት። ያን ያህል ታውቁበታላችሁ።

«አሜን» አትበሉ! አውቃችኋለሁ፤ አሁን «አሜን» ብላችሁ ልትነሡ ነው። አሜን ማለት ቀላል ነው፤ ቀብሯም ላይ ብላችኋል።

መሰላሉን ይዤው መጥቻለሁ። ውጭ ግድግዳው ላይ አስደግፌዋለሁ። ሄራኖ ፈቅዷል፤ እያጉረመረመ ነው የፈቀደው፤ ቢሆንም ፈቅዷል። ከዛሬ ጀምሮ ነገር ያለው ሰው፣ የተጣላ፣ የጨነቀው፣ ምክር የሚሻ፣ መሰላሉ የቆመበት ደጅ ይሂድ። ታሪኳ ደጅ አይቆምም። ማክሰኞ ከሰዓት ደግሞ ታሪኳ ትታከም፣ ትዘምር፣ ትተኛ፣ የፈለገችውን ታድርግ፤ በሯን የሚያንኳኳ ከእኔ ጋር ይጣላል፤ እኔንም የሚያስታርቀኝ የለም።

ሰኞ እኔ ደጅ ይቆማል። በአቶ ላፌቦ ደጅና በእኔ ደጅ መካከል ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ተሸክሞ ማሻገር አይከብድም። ግን ማንንም አላስገድድም። በገዛ አፋችሁ ንገሩኝ።

ይሰማችኋል ያ «እምምም»? እስከዚህ ድረስ የሚሰማው ሁላችሁም ዝም ስላላችሁ ነው።

ማክሰኞ በማን ደጅ ይቁም?